መርዶ ሰሚው ገጸ ባሕርይ፦ የሐዘን ስሜትን በሶፍትዌር ስለ ማስመሰል ከቆሼ አንጻር የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል በሚገኘው የቆሼ የደረቅ ቆሻሻ መጣያ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ በሥሩ በነበሩ ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አስከሬን የማውጣቱ ሥራ ቀናት ፈጀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ስለ አደጋው መንስኤና ስለ ቆሻሻ አያያዙ ብዙ ተጽፏል። በፍለጋው ቀናት ውስጥ በእያንዳንዱ ቤት ስለ ተፈጸመው አንድ ተግባር ግን እምብዛም አልተጻፈም፤ ይኸውም መርዶ ነው። የሞተውን አውቆ፣ የሚጠብቀው ዘንድ ሄዶ፣ አስቀምጦ የሚነግር ሰው መኖር ነበረበት።

መርዶ መንገር ከባድ ሙያ ነው። ሆኖም ማንም አስቀድሞ አይለማመደውም። የእድር ዳኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ነርስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወይም ጎረቤት ይህን ተግባር የሚማረው በሰው ሐዘን ላይ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄም ከዚህ ይነሣል። ተለማማጁ ከኮምፒውተር ገጸ ባሕርይ ጋር እየተነጋገረ መርዶን የሚለማመድበት አሳታፊ ድራማ ቢዘጋጅ፣ መርዶውን የሚሰማው ገጸ ባሕርይ በውስጡ ምን ሊኖረው ይገባል? ጽሑፉ በመጀመሪያ አሳታፊ ድራማ ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥሎም በሶፍትዌር ውስጥ ስሜት እንዴት እንደሚሰላ ያብራራል። ከዚያም የታወቀው የስሌት ሞዴል የእኛን የለቅሶ ሥርዓት ሲገናኝ የሚጎድሉትን ነገሮች ያሳያል።

አሳታፊ ድራማ ከተለመደው ድራማ በምን ይለያል?

በሀገራችን ድራማን ለማኅበራዊ ለውጥ መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የቀረበው «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የተዘጋጀውም ሜክሲኮዊው ሚጌል ሳቢዶ ባፈለቀው ስልት ነበር። በዚህ ስልት አንዳንድ ገጸ ባሕርያት መልካሙን፣ አንዳንዶቹ መጥፎውን ምግባር ይወክላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በሁለቱ መካከል እየዋዠቁ ቀስ በቀስ ይለወጣሉ። አድማጩ ራሱን የሚያገኘው በዋዣቂዎቹ ውስጥ ነው። ለድራማው አዘጋጆች ከአድማጮች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ይሁን እንጂ አድማጩ ቢያዝንም፣ ቢቆጣም፣ ቢመክርም ታሪኩ አስቀድሞ ተጽፏል። የገጸ ባሕርይው ስሜት የደራሲው ነው፤ ለአድማጩ ንግግር መልስ የሚሰጥበት መንገድ የለም።

አሳታፊ ድራማ ይህን መንገድ ለመክፈት የሚደረግ ሙከራ ነው። ተመልካቹ በትርኢቱ ውስጥ አንድ ሚና ይዞ ይገባል፤ የሚናገረውና የሚያደርገው ነገር የታሪኩን አካሄድ ይለውጣል። ብሬንዳ ሎሬል እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት ኮምፒውተርን እንደ ቴአትር መድረክ በማየት ለዘርፉ የንድፈ ሐሳብ መሠረት ጣለች። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ቤትስ የመራው «ኦዝ» የተባለው ፕሮጀክት ደግሞ ትኩረቱን በሚታመኑ ገጸ ባሕርያት ላይ አደረገ። ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ገጸ ባሕርይን ሕያው የሚያስመስለው የዕውቀቱ ብዛት ሳይሆን ለሚደርስበት ነገር ግድ ያለው መምሰሉ እንደ ሆነ አስረዳ። ማይክል ማቲየስና አንድሩ ስተርን እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ያቀረቡት «ፋሳድ» ተጫዋቹ ትዳራቸው ሊፈርስ በተቃረበ ባልና ሚስት ቤት እንግዳ ሆኖ የሚገባበት አጭር ድራማ ነው። እንግዳው የፈለገውን በጽሑፍ ይናገራል። ዝምታውም ቢሆን እንደ መልስ ይቆጠራል።

ለሥልጠና የተዘጋጁም አሉ። «ካርመንስ ብራይት አይዲያስ» የተባለው ድራማ ልጆቻቸው በካንሰር የታመሙባቸውን እናቶች ችግርን የመፍታት ዘዴ ለማስተማር ተሠራ። በዚህ ድራማ ተጠቃሚዋ እናት የካርመንን ሐሳብ ትመርጣለች፤ ካርመን ግን የተመረጠላትን ሐሳብ ይዛ እንደ ራሷ ስሜት ትናገራለች። «ፊርኖት» የተባለው ደግሞ በትምህርት ቤት በእኩዮቹ የሚጠቃ ልጅን ያሳያል፤ ተማሪው ለተጠቂው ገጸ ባሕርይ ምክር ይሰጣል፤ ምክሩም በቀጣዩ ትዕይንት ይፈተናል። በሁለቱም ሥራዎች ተጠቃሚው የሚማረው ገጸ ባሕርይው ላደረገለት ነገር እንደ ሰው ሲመልስ ስለሚያይ ነው። የስሜቱ ስሌት ከተበላሸ ትምህርቱም ይበላሻል።

ፊት ማሳየትና ስሜት ማስላት

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ስሜትን በፊት፣ በድምፅና በእንቅስቃሴ ማሳየት ነው። ሌላው ስሜቱ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ማስላት ነው። የሀገራችን አንባቢ የመጀመሪያውን በሶፍያ ያውቀዋል። በሶፍትዌሯ ሥራ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው አይኮግ ላብስ የተሳተፈበት ይህች ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባን ስትጎበኝ ብዙዎችን ያስደነቀው የፊቷ እንቅስቃሴ ነበር። በድራማ ውስጥ ግን ፈገግታ ወይም እንባ ብቻውን አይበቃም። ተመልካቹ «ለምን አለቀሰች?» ብሎ ሲጠይቅ ከታሪኩ ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት።

ይህን መልስ ለመስጠት በስፋት የሚሠራበት ሞዴል አንድሩ ኦርቶኒ፣ ጄራልድ ክሎርና አለን ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት ነው። እንደ እነርሱ አባባል ስሜት የሚወለደው ከምዘና ነው። ሰው ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፤ የክስተቶችን ውጤት ከዓላማው አንጻር፣ የሰዎችን ድርጊት ከደንቡ አንጻር፣ የነገሮችን ጠባይ ከፍላጎቱ አንጻር። ከእነዚህ ምዘናዎች 22 የስሜት ዓይነቶች ይገኛሉ። አንድ ክስተት ዓላማዬን ቢያሳካ ደስታ፣ ቢያሰናክል ሐዘን ይሆናል። ሰው ደንብ ጥሶ ሲሠራ ወቀሳ ይመጣል። ወቀሳውና ሐዘኑ ሲጣመሩ ደግሞ ቁጣ ይወለዳል።

ለመርዶ የሚያስፈልገን የሞዴሉ ክፍል ገና ስላልተረጋገጡ ነገሮች የሚናገረው ነው። መልካም ነገር ሊመጣ ይችላል ብሎ ማሰብ ተስፋን፣ ክፉ ነገር ሊመጣ ይችላል ብሎ ማሰብ ፍርሃትን ይወልዳል። የተፈራው ሳይደርስ ሲቀር እፎይታ ይሆናል። የተፈራው ሲደርስ ያለውን ስሜት ሞዴሉ «የተረጋገጠ ፍርሃት» ይለዋል። አማርኛ ለዚህ ስሜት አንድ ቃል ባይኖረውም ስሜቱ ለሚወለድበት ቅጽበት ግን ቃል አለው፤ መርዶ።

የስሌቱ ምሳሌ

አንዲት እኅት ከናዳው በኋላ የወንድሟን ዜና ትጠብቃለች እንበል። ይህች ሴት ለማብራሪያ ብቻ የተፈጠረች ገጸ ባሕርይ ናት። «ወንድሜ በሕይወት ይኑር» የሚለው ዓላማዋ ከ10 ነጥብ 10 ይመዝናል። የተስፋዋ መጠን ይህ ክብደት በሕይወት የመኖሩ ግምት ሲባዛ፣ የፍርሃቷ መጠን ደግሞ በመሞቱ ግምት ሲባዛ የሚገኘው ነው። በመጀመሪያው ሌሊት በሕይወት የመኖሩ ግምት 0.6 ቢሆን ተስፋዋ 6፣ ፍርሃቷ 4 ይሆናል። በማግስቱ ግምቱ ወደ 0.3 ሲወርድ ተስፋዋ 3፣ ፍርሃቷ 7 ይሆናል። በሦስተኛው ቀን 0.1 ሲደርስ ተስፋዋ 1፣ ፍርሃቷ 9 ነው።

ይህ ቀላል ስሌት አንድ ቁም ነገር በትክክል ይይዛል። ተስፋና ፍርሃት እንደ ቀንና ሌሊት የሚፈራረቁ ሳይሆኑ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው የሚኖሩ ናቸው። ለአልቃሽነትም ለመጽናናትም ያልበቃች፣ ምግብ ቢቀርብላት የማትበላ፣ ስልክ ሲጮኽ የምትደነግጥ ሴት የሁለቱ ድምር ናት። ፖሊን ቦስ የተባሉት ምሁር አስከሬን ሳይገኝ፣ ዜናም ሳይረጋገጥ የሚቆይ ሐዘንን በተለየ ስም የጠሩት የተለመደው የሐዘን ጉዞ ስለማይጀመርበት ነው። ቀብር የሌለበት ሞት መቋጫ የለውም። ሞዴሉ ይህን ሁኔታ ሁለቱንም ቁጥሮች ከዜሮ በላይ በማቆየት ሊገልጸው ይችላል።

በሦስተኛው ቀን መርዶው ይመጣል፤ ፍርሃቷ ከ9 ወደ 10 ያልፋል። አዘጋጁ የገጸ ባሕርይዋን አገላለጽ በቀጥታ ከቁጥሩ ጋር ቢያያይዘው በመርዶው ጊዜ የሚታየው ለውጥ እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። የምናውቀው እውነት ግን ሌላ ነው። የሞቱን ነገር በልቧ ያወቀችው ሴት እንኳ መርዶው በተነገረ ቅጽበት ትወድቃለች። ሞዴሉ ከእኛ ሥርዓት ጋር ሲገናኝ ጉድለቱ መታየት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሞዴሉ የሚጎድሉት ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው ጉድለት በተሰማውና በታየው መካከል ያለውን በር አለማወቁ ነው። በእኛ ባህል ለቅሶ ፈቃድ አለው። ሞቱ ሳይረጋገጥ ማልቀስ ማሟረት ነው፤ የምትጠብቀው እኅት እንባዋን የምትውጠው ፍርሃቷ አንሶ ሳይሆን ማልቀሷ ወንድሟን መግደል ስለሚመስላት ነው። መርዶው ሲነገር በሩ ይከፈታል፤ የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ ገጸ ባሕርይዋ ሁለት መለያዎች ያስፈልጓታል። አንዱ የውስጥ ስሜቷን መጠን፣ ሌላው ሥርዓቱ በዚያ ሰዓትና በእነዚያ ሰዎች ፊት የሚፈቅድላትን የአገላለጽ ልክ ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ በሩ ሲከፈት የሚወጣው የተጠራቀመው ነው። ይሉኝታም በዚሁ መንገድ ይሰላል። ሆድ ይፍጀው ብላ የተወችው ነገር ከስሌቱ አይጠፋም፤ ከፊቷ ላይ ብቻ ይጠፋል።

ሁለተኛው ጉድለት ከግምቱ ምንጭ ጋር የተያያዘ ነው። በተለመደው አሠራር ገጸ ባሕርይዋ የምታምነውን ነገር የሚለውጠው የተነገራት ቃል ነው። በአዲስ አበባ መንደር ግን መርዶ የሚሰማው ከቃሉ በፊት ነው። ጎህ ሲቀድ ሦስት አራት ሽማግሌዎች በር ላይ ቢቆሙ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ቢከተሉ፣ ሁልጊዜ የምትስቅ ጎረቤት ዓይኗን ብታሸሽ፣ «ቁርስ ቀምሰሻል?» የሚል ያልተለመደ ጥያቄ ቢመጣ፣ እያንዳንዱ ምልክት ግምቱን ያወርደዋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የእንግዶቹን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ አለባበሳቸውንና የአቀማመጣቸውን ቅደም ተከተል እንደ ማስረጃ መቁጠር ይኖርበታል። ለተለማማጁም ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ገና አፉን ሳይከፍት መናገር ጀምሯል።

ሦስተኛው ጉድለት ጊዜን ይመለከታል። በአብዛኞቹ ሥርዓቶች ስሜት ከተፈጠረ በኋላ በቋሚ ፍጥነት ይቀንሳል። ለምሳሌ በየቀኑ በግማሽ የሚቀንስ ሐዘን ከ10 ተነሥቶ በሰባተኛው ቀን ከ0.1 በታች ይወርዳል። ይህ ለብስጭት ወይም ለድንጋጤ ይሠራ ይሆናል፤ ለሐዘን ግን አይሠራም። በክርስቲያኑ ቤት ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያና ሙት ዓመት ሐዘኑን እየቀሰቀሱ እየገሩትም ይሄዳሉ። በሙስሊሙ ቤት ሐዘን በመሠረቱ ሦስት ቀን ሲሆን ባሏ ለሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ነው፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማልቀስም አይበረታታም። ኮልፌ የሁለቱም ሃይማኖት ተከታዮች በጉርብትና የሚኖሩበት ሰፈር በመሆኑ አንድ የጊዜ ሰሌዳ ለሁሉም አይሆንም። ከዚህም ሌላ ድንኳን ውስጥ አዲስ ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር ለቅሶው ይታደሳል። ስለዚህ ሐዘን የሚጓዘው በአንድ ቁልቁለት መስመር ሳይሆን በክስተቶች እየተነሣ፣ በሰዎች አብሮነት እየተሸከመ ነው። በስሌቱ ውስጥ ሐዘን የሚቀንሰው በሰዓት ብቻ ሳይሆን አብረው በተቀመጡት ሰዎች ቁጥርና ቅርበት ጭምር መሆን ይገባዋል።

የቋንቋው ድርሻ

ስሜትን የሚያሳየው ፊት ብቻ አይደለም፤ የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ያሳያል። «አንቺ» ስትለው የኖረችውን ጓደኛዋን በድንገት «እርስዎ» ብትላት አክብሮት አይደለም፤ መራቅ ነው። የታላቅ ወንድምን ስም «ጋሼ» ሳይሉ መጥራትም እንዲሁ ይሰማል። ለጽሑፍ ንግግር በተዘጋጀ ድራማ ውስጥ እነዚህ ለውጦች ከማንኛውም የፊት ሥዕል ይልቅ ርካሽና ግልጽ የስሜት ምልክቶች ናቸው። ግሡ ራሱ ስለሚለወጥ ሶፍትዌሩም ከተለማማጁ አጻጻፍ በቀላሉ ሊያነባቸው ይችላል።

የስሜቶቹ ስምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ22ቱ ዝርዝር ውስጥ ሆድ መባስ የለም። ሆድ የሚብሰው ከባዕድ ሰው በደረሰ በደል ብቻ አይደለም፤ ይደርስልኛል የተባለ ሰው ሲቀር፣ ወይም የሌላው ደስታ የራስን ጉድለት ሲያስታውስም ነው። ቅያሜም ከቁጣ የተለየ ነው። ቁጣ ይጮኻል፤ ቅያሜ ዝም ብሎ ይጠብቃል። በጊዜ ብዛት አይረግብም፤ የሚነሣው በይቅርታ ወይም በሽምግልና ነው። በለቅሶ ያልደረሰ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው ስሜት ይህ ነው። ገጸ ባሕርይዋ ይህን ስሜት ከሌላት፣ ዘግይቶ የመጣው ተለማማጅ ለምን ቀዝቃዛ አቀባበል እንደ ገጠመው ሊገባው አይችልም። ስለዚህ የውጭውን ዝርዝር መተርጎም ብቻ አይበቃም፤ ከአማርኛው ተነሥቶ ምዘናዎቹን እንደገና ማዋቀር ያስፈልጋል።

የአጠቃቀም ልክ

እንዲህ ያለው ሥራ ከቴክኒክ ጥያቄ በፊት የሰው ጥያቄ አለበት። የቆሼ ሐዘን የሰዎች ሐዘን ነው፤ የመረጃ ማከማቻ አይደለም። የተጎጂ ቤተሰቦችን ታሪክ ያለ ፈቃዳቸው ወደ ገጸ ባሕርይ መለወጥ፣ ስማቸውን ቢደብቅም፣ በሰፈር ውስጥ ማን እንደ ሆኑ ማሳወቁ አይቀርም። የአካባቢው ነዋሪ ከሰፈሩ ስም ጋር የተጣበቀበትን ንቀት ለረጅም ጊዜ ተሸክሟል። ድራማው ነዋሪውን በቆሻሻና በእንባ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ በዚያ ንቀት ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ገጸ ባሕርይዋ ሙሉ ሰው መሆን አለባት፤ ሥራ ያላት፣ ቀልድ የምታውቅ፣ የእድር መዋጮዋን የምትከፍል፣ ከጎረቤቷ ጋር የምትጣላና የምትታረቅ።

የድራማው ስኬት መለኪያም ተጠቃሚውን ማስለቀሱ ሊሆን አይገባም። መለኪያው ተለማማጁ ከመናገሩ በፊት ማስቀመጡን፣ ቃሉን ሳያድበሰብስ በአጭሩ መናገሩን፣ ከተናገረ በኋላ ዝም ማለት መቻሉን፣ ለብቻዋ ትቷት አለመሄዱን ማየት ነው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ወይም «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» የሚለው ቃል ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በለቅሶዋ መካከል ፈጥኖ የመጣ ማጽናኛ ዝም በይ እንደ ማለት ይሰማል። ገጸ ባሕርይዋ ይህን ልዩነት በመልሷ ማሳየት ከቻለች ሥራዋን ሠርታለች።

ማጠቃለያ

በሶፍትዌር ገጸ ባሕርይ ውስጥ ስሜትን ማስመሰል ሰው ሠራሽ ልብ መፍጠር አይደለም፤ አንድ ክስተት ለአንድ ሰው ምን ትርጉም እንዳለው በግልጽ መጻፍ ነው። በምዘና ላይ የተመሠረተው ሞዴል ተስፋና ፍርሃት አብረው የሚኖሩባቸውን የጥበቃ ቀናት በሚገባ ይገልጻል። የመርዶን ቅጽበት ለመግለጽ ግን ሦስት ነገሮች ሊጨመሩለት ይገባል፤ በተሰማውና በታየው መካከል ያለው የሥርዓት በር፣ ከቃል በፊት የሚነበቡ ምልክቶች፣ እንዲሁም በሰዎች አብሮነትና በዝክር ቀናት የሚመራ የጊዜ ስሌት። እነዚህን ለማወቅ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪው ብቻውን አይበቃም። የቴአትር ጥበብ፣ የሥነ ልቦና፣ የማኅበራዊ ሥራና የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች፣ ከሁሉም በላይ መርዶ ሲነግሩ የኖሩ የእድር አባቶችና እናቶች በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ አለባቸው። ናዳን መከላከል የከተማው ግዴታ ነው፤ ሶፍትዌር አይተካውም። የሞት ዜና ወደ ቤት ሲገባ ግን እንዴት እንደሚገባ በሰው እጅ ያለ ነገር ነው፤ በሰው እጅ ያለ ነገር ደግሞ ሊለመድና ሊሻሻል ይችላል።